ካርቶኑ ላይ «4ኬ» የሚለው የጌም ካፕቸር ካርድ በእርግጥ የሚቀዳው ስንት ነው?

መርካቶ ገብታችሁ ብትገዙት፣ ቦሌ ካለ ሱቅ ብታነሱት ወይም በቴሌግራም አዝዛችሁ በሞተር ቢመጣላችሁ፣ የካፕቸር ካርድ (የጌም ማጫወቻን ምስል ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ዕቃ) ካርቶን ላይ በትልቁ የሚታየው ጽሑፍ «4ኬ» ነው። በርካሾቹ ካርዶች ላይ ይህ ቁጥር የሚናገረው ካርዱ ከጌም ማጫወቻው ሊቀበል ስለሚችለው ምስል ነው። ወደ ኮምፒውተራችሁ የሚያስገባው ምስል ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ 1080ፒ (የ4ኬ ነጥቦች ሩብ ብቻ ያለው)፣ በሴኮንድ 30 ፍሬም ማለትም 30 ምስል፣ ያውም የተጨመቀ። ይህን ልዩነት ሳያውቅ የገዛ ሰው ጥፋቱን ላፕቶፑ ላይ፣ ኢንተርኔቱ ላይ፣ ሶፍትዌሩ ላይ ሲፈልግ ይከርማል። ስለዚህ ብር ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ማጫወቻችሁ ምን እንደሚያወጣ፣ ካርዱ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉን እንደሚያሳልፍ፣ የኮምፒውተራችሁ ዩኤስቢ ደግሞ ምን ያህሉን እንደሚሸከም ማወቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ፣ ካርዱ ያስፈልጋችኋል ወይ?

የምትጫወቱት በኮምፒውተር ከሆነ አያስፈልጋችሁም። ኦቢኤስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር የኮምፒውተሩን ስክሪን ያለ ምንም ተጨማሪ ዕቃ ይቀዳል፣ ላይቭም ያስተላልፋል። በኮምፒውተር ለሚጫወት ሰው ካርድ ትርጉም የሚኖረው ጌሙ በአንዱ ኮምፒውተር እየሄደ ቀረጻው በሌላው ሲሆን ብቻ ነው።

ፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ራሳቸው ይቀዳሉ። ፕሌይስቴሽን 4 እንደመጣ የመጨረሻዎቹን 15 ደቂቃዎች ይይዛል፤ ከሴቲንግ እስከ 60 ደቂቃ ይደርሳል፤ ጥራቱ 720ፒ ሲሆን በፕሮው 1080ፒ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 እስከ አንድ ሰዓት፣ እስከ 4ኬ ይቀዳል። ሁለቱም ያለ ኮምፒውተር በቀጥታ ዩቲዩብና ትዊች ላይ ላይቭ ይገባሉ። አልፎ አልፎ አንድ ጎል ቆርጦ ለጓደኛ ለመላክ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ብራችሁን አታውጡ።

ካርድ የግድ የሚሆነው ሥራው ከዚህ ሲያልፍ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ ጌም ቤት የፊፋ ውድድር አዘጋጅቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ ላይቭ ማስተላለፍ ቢፈልግ፣ የተጫዋቾቹን ስም በአማርኛ ስክሪኑ ላይ መጻፍ፣ ውጤት ማሳየት፣ የኮሜንታተሩን ፊት በካሜራ ማስገባት ይኖርበታል። ይህን ሁሉ ማጫወቻው ብቻውን አይሠራውም። ኒንቴንዶ ስዊች ያላችሁም፣ እሱ የሚያስቀረው የመጨረሻዎቹን 30 ሴኮንዶች ብቻ ስለሆነ፣ ረዘም ላለ ቀረጻ ካርድ ትፈልጋላችሁ። ስዊች ላይት ግን ምስል የሚያወጣበት መንገድ ጭራሽ የለውም፤ ለእሱ ካርድ መግዛት ብር መጣል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ማንሳት ግድ ነው። ላፕቶፕ ላይ ያለው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ መውጫ ነው። ፕሌይስቴሽኑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ላፕቶፑ ላይ ብትሰኩ ሁለት መውጫዎችን አገናኛችሁ ማለት ነው፤ ምንም አይመጣም። ምስሉ ወደ ላፕቶፑ የሚገባው በዩኤስቢ ነው፣ ኤችዲኤምአዩን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይረው ደግሞ ካፕቸር ካርዱ ነው።

የዩኤስቢው ነገር

ስሌቱ ከባድ አይደለም፣ ሙሉውን ጉዳይ የሚፈታውም እሱ ነው። 1080ፒ ማለት 1920 በ1080፣ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ነጥቦች ማለት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ በተለመደው የቀለም አያያዝ 16 ቢት ይይዛል። በሴኮንድ 60 ፍሬም ሲባዛ ውጤቱ በሴኮንድ 2 ጊጋቢት ገደማ ይሆናል። ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት ላይ የሚሸከመው 480 ሜጋቢት ነው፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ማለትም ምስሉ ከመንገዱ ከአራት እጥፍ በላይ ይሰፋል።

ታዲያ ርካሹ ካርድ እንዴት ይሠራል? እያንዳንዱን ፍሬም እንደ አንድ ፎቶ ጨምቆ ይልካል፤ አሠራሩ ኤምጄፔግ ይባላል። ጉዳቱ በጥድፊያ የሚሠራ መጭመቅ መሆኑ ነው። የፊፋን ሜዳ ተመልከቱ፤ ካሜራው ቆሞ ሳለ ሣሩ ደህና ይመስላል፣ ኳስ ተመትቶ ካሜራው መሮጥ ሲጀምር ግን ሣሩ ወደ አረንጓዴ አራት ማዕዘኖች ይሰባበራል፣ የመስመሮቹም ነጭ ጠርዝ ይቆሽሻል። ያንን ቪዲዮ ዩቲዩብ ደግሞ ሲጨምቀው ጭራሽ ይበላሻል።

ዩኤስቢ 3.0 5 ጊጋቢት ስለሚሸከም 1080ፒ በ60 ፍሬም ሳይጨመቅ ያልፍበታል። 4ኬ በ30 ፍሬምም ቆጠብ ባለው የቀለም አያያዝ ወደ 3 ጊጋቢት ስለሚሆን ይገባል። 4ኬ በ60 ፍሬም ግን ወደ 6 ጊጋቢት ይጠጋል፤ ሳይጨመቅ አይገባም። ለዚህ ነው 4ኬ 60 በእውነት የሚቀዱ ካርዶች ወይ ዴስክቶፕ ውስጥ የሚገጠሙ፣ ወይ 10 ጊጋቢት ዩኤስቢ የሚጠይቁ የሆኑት። እንደ ኤልጋቶ 4ኬ ኤክስ ያለው ይህን ሁለተኛውን ይፈልጋል።

የእኛ አስተያየት ግልጽ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ለዩቲዩብና ለቲክቶክ ለሚሠራ ሰው 4ኬ ቀረጻ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው እውነተኛ 1080ፒ በ60 ፍሬም ነው። በወረቀት ላይ 4ኬ 30 ከሚቀዳ ካርድ ይልቅ በትክክል 1080ፒ 60 የሚቀዳ ይበልጣል፤ ለእግር ኳስ ጌምና ለተኩስ ጌም የፍሬሙ ብዛት ከነጥቡ ብዛት በላይ ለዓይን ይታወቃል።

ለየትኛው ማጫወቻ የትኛው ካርድ

አሁን በገበያ ላይ የምታገኙት በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ፍላሽ የምታክለው ምንም ስም የሌላት ዱላ ናት፤ በአንድ ጫፍ ኤችዲኤምአይ መግቢያ፣ በሌላው ዩኤስቢ። አብዛኞቹ ውስጣቸው ኤምኤስ2109 የተባለ ቺፕ አለ፤ ይህ ቺፕ ዩኤስቢ 2.0 ነው፣ የሚሰጠውም 1080ፒ በ30 ወይም 720ፒ በ60 ፍሬም ነው። ከእሷ ከፍ ያለችው ተመሳሳይ ቅርጽ ያላት፣ ኤምኤስ2130 ቺፕ ያለባት ስትሆን በዩኤስቢ 3.0 1080ፒ 60 ትሰጣለች። ሁለቱን በውጭ መለየት አይቻልም፤ የመሰኪያው ፕላስቲክ ሰማያዊ መሆኑም ማረጋገጫ አይሆንም፣ ዩኤስቢ 2.0 ቺፕ ላይ ሰማያዊ ፕላስቲክ የሚያለብሱ አሉና።

ሁለተኛው የታወቁት ሣጥኖች ናቸው። ኤልጋቶ ኤችዲ60 ኤክስ 1080ፒ 60 እና 4ኬ 30 ይቀዳል፣ ወደ ቴሌቪዥን ደግሞ 4ኬ 60 ያሳልፋል። አቨርሚዲያ ላይቭ ጌመር ሚኒ ለየት ያለ ነው፤ ዩኤስቢ 2.0 ቢሆንም ውስጡ ራሱ ቪዲዮውን በደንብ የሚጨምቅ ቺፕ ስላለው 1080ፒ 60 ያወጣል፣ ዩኤስቢ 3.0 ለሌለው አሮጌ ላፕቶፕ ይስማማል። የዚያው ድርጅት ላይቭ ጌመር ፖርተብል 2 ፕላስ ደግሞ ሜሞሪ ካርድ ገብቶበት ያለ ኮምፒውተር ብቻውን ይቀዳል። ሦስተኛዎቹ ዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ላይ የሚሰኩ ናቸው፤ ላፕቶፕ ላላችሁ አይሆኑም።

ወደ ማጫወቻዎቹ ስንመጣ፣ ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ ያልሆነው 1080ፒ ስለሚያወጣ ማንኛውም እውነተኛ 1080ፒ 60 ካርድ ይበቃዋል። ፕሌይስቴሽን 5 ኖሯችሁ ቴሌቪዥናችሁ 4ኬ ከሆነ፣ ካርዱ 4ኬ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚያሳልፍ ካልሆነ ማጫወቻው ወደ 1080ፒ ይወርዳል፤ የራሳችሁ ጨዋታም አብሮ ይወርዳል።

ፕሌይስቴሽን 3 ለብቻው መነገር አለበት፣ ጌም ቤቶች ውስጥ አሁንም አለና። ኤችዲሲፒ የተባለ የቅጂ መከላከያ በኤችዲኤምአይ መውጫው ላይ ሁሌም አለው፣ የሚጠፋበትም ሴቲንግ የለም። በኤችዲኤምአይ ካርድ ላይ ጥቁር ስክሪን ነው የምታዩት። መፍትሔው ከኋላው ባለው የኤቪ መውጫ በኮምፖነንት ገመድ፣ ማለትም አምስት ጫፍ ባለው ገመድ፣ መውጣትና ኮምፖነንትን ወደ ኤችዲኤምአይ በሚቀይር ሣጥን በኩል ካርዱ ውስጥ መግባት ነው። ገመዱን ቀይራችሁ ምስል ካልመጣ ማጫወቻውን አጥፉና ሁለተኛ «ቢፕ» እስኪል ድረስ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ፤ የምስል መውጫውን እንደገና ይመርጣል። ፕሌይስቴሽን 2 ደግሞ በቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ በሚቀይር ትንሽ ሣጥን በኩል ካርዱ ውስጥ ይገባል፤ ጥራቱ የዘመኑ ጥራት ነው፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

ይኸው ካርድ ካሜራም ከላፕቶፕ ጋር ያገናኛል፤ ሠርግ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይቭ የሚያስተላልፉ ልጆች የሚጠቀሙት እሱን ነው። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ብታጡት የካሜራ ዕቃ የሚሸጡትን ጠይቁ።

ሱቁ ውስጥ፣ ከመክፈላችሁ በፊት

ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ኦቢኤስ አስቀድማችሁ ጫኑበት፤ ከ28ኛው እትም ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ላፕቶፑ ላይ ውስጡ ሰማያዊ የሆነውን ወይም አጠገቡ «ኤስኤስ» የሚል ምልክት ያለበትን ቀዳዳ ፈልጉ፤ ዩኤስቢ 3.0 እሱ ነው። ካርዱን እዚያ ሰክታችሁ ኦቢኤስ ውስጥ «ሶርስስ» ከሚለው ሥር የመደመር ምልክቷን ነክታችሁ «ቪዲዮ ካፕቸር ዲቫይስ» ጨምሩ። «ሪዞሉሽን» የሚለውን ወደ «ከስተም» ቀይራችሁ 1920 በ1080 ምረጡ፣ «ቪዲዮ ፎርማት» ላይ «ዋይዩዋይ2» (ያልተጨመቀ ምስል ማለት ነው) አድርጉና የፍሬም ዝርዝሩን ክፈቱ። የሚያሳያችሁ 5 ብቻ ከሆነ ካርዱ ዩኤስቢ 2.0 ነው፣ ሻጩ የፈለገውን ቢል። 60 ካሳየ ትክክለኛው ነው።

ሌላው መንገድ የዊንዶውስ «ዲቫይስ ማኔጀር» ነው። ካርዱን ፈልጋችሁ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ዲቴይልስ»፣ ከዚያ «ሃርድዌር አይዲስ» ስትሉ ረጅም ቁጥር ይመጣል። በውስጡ 2109 ካያችሁ የታወቀችው ርካሿ ናት፤ 2130 ከሆነ የተሻለችው። «ወንድሜ፣ ዩኤስቢ 3 ነው ካልከኝ እስቲ አብረን እንየው» ማለት ነውር የለውም፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ጨዋ ነጋዴም አይከፋበትም።

ድምፁንም በሁለት ጆሮ ማዳመጫ ስሙ። ኤምኤስ2109 ያለባቸው ብዙዎቹ የሚታወቅ ጉድለት አለባቸው፤ ድምፁን ለኮምፒውተሩ እንደ 96 ኪሎኸርዝ ሞኖ አድርገው ያስተዋውቁታል፣ በእውነቱ ግን 48 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ ነው። ውጤቱ ግራና ቀኝ የማይለይ፣ የሻከረ ድምፅ ነው። ጌም ውስጥ ጥይት ከየት እንደመጣ የሚለየው በግራና በቀኝ ስለሆነ ለተኩስ ጌም ቪዲዮ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው።

አገጣጠሙ

ከመሰካት በፊት ሁሉንም ከግድግዳው ሶኬት ንቀሉ። ይህ ዝም ብሎ የሚታለፍ ምክር አይደለም። የድሮ ቤቶች ሶኬት ብዙ ጊዜ ግራውንድ የለውም፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ በዲሽ ገመድ ከጣራ ጋር ተያይዟል። ሁለት ዕቃዎች ኮረንቲ ላይ እያሉ በኤችዲኤምአይ ሲገናኙ በብረታቸው መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት በገመዱ በኩል ያልፋል፤ የጌም ማጫወቻ የኤችዲኤምአይ ቺፕ ከሚቃጠልባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። የገመዱን ጫፍ ስትነኩ እጃችሁን ከነዘራችሁ ምልክቱ እሱ ነው። ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ አድርጉ፣ ገመዶቹን አገናኙ፣ ከዚያ ብቻ መብራቱን አብሩ።

ሣጥን ካርድ ከሆነ «ኢን» የሚለው ከማጫወቻው፣ «አውት» የሚለው ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ዩኤስቢው ወደ ላፕቶፑ። መጫወት ያለባችሁ ቴሌቪዥኑን እያያችሁ ነው። ኦቢኤስ ላይ የሚታየው ምስል ዘግይቶ ይመጣል፤ በ60 ፍሬም አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሴኮንድ ስለሆነ የ100 ሚሊሴኮንድ መዘግየት ማለት ስድስት ፍሬም ወደኋላ ሆኖ ፔናልቲ መምታት ማለት ነው።

መውጫ የሌላት ዱላ ካርድ ከገዛችሁ ስፕሊተር ያስፈልጋችኋል፤ አንድ መግቢያ፣ ሁለት መውጫ ያለው። ኤችዲኤምአይ ስዊች የሚባለው ዕቃ (ኒንቴንዶው አይደለም) ተቃራኒው ነው፣ ሁለት ማጫወቻን ለአንድ ቴሌቪዥን የሚያፈራርቅ፤ መልካቸው ስለሚመሳሰል ሱቅ ውስጥ ይምታታል፣ ካርቶኑ ላይ «1 በ2» የሚለውን አረጋግጡ። በራሱ ኃይል የሚሠራውን ምረጡ። ስፕሊተሩ ለሁለቱም የሚስማማውን ዝቅተኛውን ጥራት እንደሚመርጥም እወቁ፤ ቴሌቪዥኑ አሮጌ 720ፒ ከሆነ ቀረጻውም 720ፒ ሊሆን ይችላል።

ካርዱን በዩኤስቢ ሃብ ወይም በዴስክቶፕ የፊት ቀዳዳ አትሰኩት፤ ከኋላ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ይሁን። የዩኤስቢ 3.0 ገመድ ከ3 ሜትር በላይ ከሆነ መቆራረጥ ይጀምራል።

ማጫወቻው ላይ የሚስተካከለው

ጥቁር ስክሪን ካያችሁ ከአሥር ዘጠኙ ኤችዲሲፒ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም» ገብታችሁ «ኢነብል ኤችዲሲፒ» የሚለውን አጥፉ። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ኤችዲኤምአይ» ሥር ነው። ካጠፋችሁት እንደ ኔትፍሊክስ ያሉ የፊልም አፖች አይከፈቱም፤ ፊልም ስትፈልጉ መልሳችሁ ታበሩታላችሁ። ኤክስቦክስ ጌም ላይ አይከለክልም፤ የሚከለክለው የቪዲዮ አፕ ሲከፈት ብቻ ነው።

ቀለሙ የደበዘዘ፣ ጭጋግ የለበሰ ከመሰለ ካርዱ ኤችዲአር (የብርሃንና የቀለም ስፋቱ የጨመረ ምስል) አይቀበልም ማለት ነው፤ ማጫወቻው ላይ ኤችዲአርን አጥፉ። ጥቁሩ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ከጠፋ ወይም ጥቁሩ ግራጫ ከሆነ ደግሞ የአርጂቢ ሬንጁ (ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው ስፋት) አልተጣጣመም፤ ማጫወቻው ላይ «ሊሚትድ» አድርጉና ኦቢኤስ ውስጥም በካርዱ ፕሮፐርቲስ «ከለር ሬንጅ» ላይ ያንኑ ምረጡ።

ምስል እያለ ድምፅ ከሌለ፣ የድምፅ ፎርማቱን «ሊኒየር ፒሲኤም» አድርጉት። ሄድፎን ጆይስቲኩ ላይ ሰክታችሁ ከሆነ ደግሞ ማጫወቻው የጌሙን ድምፅ ወደ ሄድፎኑ ወስዶታል፤ «አውትፑት ቱ ሄድፎንስ» የሚለውን «ቻት ኦዲዮ» አድርጉት።

ኦቢኤስ

የኦቢኤስን ዋና ፍሬም ከካርዱ ጋር አንድ አድርጉ፤ ካርዱ 30 ከሆነ 30፣ 60 ከሆነ 60። 30 የሚሰጥ ካርድ ላይ ኦቢኤስን 60 ብታደርጉ እያንዳንዱ ፍሬም ሁለቴ ይጻፋል፣ ፋይሉ ይተልቃል እንጂ አይስተካከልም። «ኦዲዮ» ላይ 48 ኪሎኸርዝ ምረጡ። የካርዱ ድምፅ አልመጣ ካለ ፕሮፐርቲሱ ውስጥ «ዩዝ ከስተም ኦዲዮ ዲቫይስ» ላይ ምልክት አድርጋችሁ የካርዱን ስም ምረጡ። ካርዱ ተሰክቶ ምስል ጭራሽ ካልመጣ ደግሞ የዊንዶውስን የካሜራ ፈቃድ ተመልከቱ፤ ዴስክቶፕ አፖች ካሜራ እንዲጠቀሙ ካልተፈቀደ ዊንዶውስ ካርዱን እንደ ካሜራ ቆጥሮ ይከለክለዋል። ዙም ወይም ሌላ ፕሮግራም ካርዱን ይዞት ከሆነም አይከፈትም።

ኢንኮደሩን፣ ማለትም ቪዲዮውን የመጭመቅ ሥራ፣ የግራፊክስ ቺፑ እንዲሠራው አድርጉ፤ ኢንቪዲያ ካለ ኤንቪኤንክ፣ ኢንቴል ብቻ ከሆነ ኩዊክሲንክ። ለቀረጻ በሴኮንድ 20,000 ኪሎቢት ካደረጋችሁ በሰዓት 9 ጊጋባይት ይይዛል። የሚቀመጥበት ፍላሽ ፋት32 ከሆነ 4 ጊጋባይት ላይ ይቆማል፤ አስቀድማችሁ ወደ ኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጉት።

ፎርማቱን «ኤምኬቪ» አድርጉ፤ ይህን አስምሩበት። ኤምፒ4 ፋይል ማውጫውን የሚጽፈው ቀረጻው ሲያልቅ ስለሆነ ዴስክቶፕ ላይ መብራት በመሐል ቢሄድ የሁለት ሰዓት ውድድር የማይከፈት ፋይል ሆኖ ይቀራል። ኤምኬቪ እስከቆመበት ድረስ ይከፈታል። ሲያልቅ «ፋይል» ሥር ያለው «ሪመክስ ሪኮርዲንግስ» በደቂቃ ውስጥ ጥራት ሳይነካ ወደ ኤምፒ4 ይቀይረዋል።

የማይካችሁ ድምፅ ከምስሉ ይቀድማል፤ ምስሉ በካርዱ ውስጥ ሲያልፍ ይዘገያል፣ ማይኩ ግን ወዲያው ይደርሳል። ለማስተካከል ጆይስቲኩን ማይኩ አጠገብ ይዛችሁ የጌሙ ሜኑ ላይ አንድ ቁልፍ ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑና ቅዱ። ቀረጻውን ቪዲዮ መቁረጫ ውስጥ ስትከፍቱ የቁልፉ «ቀጭ» እና የሜኑው ድምፅ ለየብቻ ይታያሉ። በመካከላቸው ያለውን ልዩነት በሚሊሴኮንድ ወስዳችሁ «አድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስ» ውስጥ በማይኩ «ሲንክ ኦፍሴት» ላይ ጻፉት።

ላይቭ ስትገቡ

ዩቲዩብ ላይ ላይቭ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍቱ ስልክ ቁጥራችሁን ካረጋገጣችሁ በኋላ እስከ 24 ሰዓት ያስጠብቃል፤ የውድድሩ ቀን ጠዋት የሚጀመር ነገር አይደለም። የመጫኛ ፍጥነታችሁን፣ ማለትም አፕሎዱን፣ ላይቭ በምትገቡበት ሰዓት ለክታችሁ ከውጤቱ ሰባ በመቶውን ብቻ ቢትሬት (በሴኮንድ የሚላከው የዳታ መጠን) አድርጉ። ቀን የተለካ ቁጥር ለማታ አይሠራም። 6,000 ኪሎቢት በሰዓት 2.7 ጊጋባይት ይበላል፤ በሞባይል ዳታ ከሆነ ለሦስት ሰዓት ውድድር ከ8 ጊጋባይት በላይ ያዙ። አፕሎዱ 4 ሜጋቢት ብቻ ከሆነ 720ፒ በ30 ፍሬም በ2,500 ኪሎቢት አስተላልፉ፣ ላፕቶፑ ካልከበደው ጥራት ያለውን ደግሞ በተጓዳኝ እዚያው ቅዱና በኋላ ስቀሉት። «ኪፍሬም ኢንተርቫል» 2 ይሁን፤ «አድቫንስድ» ውስጥ መስመሩ ሲጨናነቅ ቢትሬቱን በራሱ የሚቀንሰውን ምርጫ አብሩ።

ላይቩ ሲቆራረጥ ከመደናገጥ በፊት «ቪው» ሥር «ስታትስ» የሚለውን ክፈቱ። ሦስት ቁጥር ያሳያችኋል፣ የሦስቱም ምክንያት የተለያየ ነው። ኔትወርክ ላይ የወደቀ ፍሬም ካለ ችግሩ ኢንተርኔቱ ነው፤ ቢትሬት ቀንሱ ወይም ከዋይፋይ ወደ ገመድ ተሻገሩ። ኢንኮዲንግ ላይ የዘለለ ካለ ኮምፒውተሩ መጭመቁን አልቻለም፤ ወደ 720ፒ ውረዱ። ሬንደሪንግ ላይ ከሆነ የግራፊክስ ቺፑ ተጨናንቋል፤ ከጀርባ የተከፈተውን ብሮውዘር ዝጉ፣ ላፕቶፑንም ቻርጀሩ ላይ አድርጉት፣ በባትሪ ሲሆን ኃይሉን ይቀንሳልና። ሦስቱም ዜሮ ሆነው ምስሉ ቢቆራረጥ ጥፋቱ የካርዱ ወይም የገመዱ ነው፤ ገመዱን ቀይሩ፣ ዱላዋን ዳስሱ፤ በጣም ከጋለች በአጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ከላፕቶፑ ጎን አውጧት።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ካርዱም ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ስለሚመገብ አይጠፋም፤ የሚጠፉት ማጫወቻው፣ ቴሌቪዥኑና የዋይፋይ ሣጥኑ ናቸው። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) የምትገዙ ከሆነ በቅድሚያ የዋይፋይ ሣጥኑንና ማጫወቻውን አብሩበት፣ ቴሌቪዥኑ ቢጠፋ ኦቢኤስ ላይ እያያችሁ ጨዋታውን ፖዝ አድርጋችሁ መዝጋት ትችላላችሁ። ላይቩ ላይ «መብራት ሄዷል፣ እንመለሳለን» የሚል ሥዕል አስቀድማችሁ ኦቢኤስ ውስጥ እንደ ሁለተኛ ሲን (ትዕይንት) አዘጋጁ፤ ዋይፋዩ በዩፒኤሱ ላይ እስካለ ድረስ በአንድ ጠቅታ ወደ እሱ ትቀይራላችሁ፣ ተመልካቹም ላይቩ አልቋል ብሎ አይወጣም።